የድሮ የኪስ ሰዓት ኦንላይን ለምትገዙ
ቴሌግራም ላይ የአያቱን የኪስ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ሰዓቱ ምንም አያውቅም፣ ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ ስለዚህ «ይሰራል ወይ?» አትበሉት፣ ነቅነቅ አድርጎ አምስት ሰከንድ ቀጭ ቀጭ ካለችለት «አዎ» ነው የሚላችሁ። ሰዓቷን ሞልቶ የአንድ ደቂቃ ቪድዮ ይላክ፣ በነጋታውም ሳይሞላ እንደገና። የውስጧን ፎቶ የግድ ጠይቁ፣ ግን በቢላ እንዳይፈለቅቃት ቀድማችሁ ንገሩት (እኔ ሳልናገር ቀርቼ ጠርዟ ተቦጫጭሮ ነው የደረሰችኝ 😩)፣ በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት ክዳን ያላቸው ብዙ ናቸው። የአሜሪካኖቹ ኤልጂን ወይ ዋልታም ሥሪት ከሆነች ዓመቷ የሚታወቀው ማሽኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው፣ ክዳኑ ላይ ባለው እንዳትሸወዱ። «በጣም ስለተሞላች ቆመች» ካላችሁ አትመኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቷ ደርቆ ነው ወይ ሞላዋ ተበጥሶ። መሙያ ጉጥ ከሌላትም ጎደሎ ነች ብላችሁ አትለፏት፣ በቁልፍ የምትሞላ የጥንት ልትሆን ትችላለች። ብር ሳትልኩ መሀል ከተማ ሰዓት ሰሪያችሁ ጋ ቅጠሩት፣ ሰዓት ሰሪው ፒያሳ የነበረ ከሆነ ግን መጀመሪያ ደውሉለት፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የኔን ያገኘሁት በስንት መከራ ነው።