ሮምን በስልክ ካሜራ እንዴት እናንሳት?

ሮም ሄዶ ፎቶ ሳያነሳ የሚመለስ የለም። ግን አብዛኛው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ኮሎሴየም ከኋላ፣ ፊቱ የጠቆረ ሰው ከፊት። ዘመድ ሲላክለት «ቦታው ያምራል፣ አንተ የቱ ጋ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ለዚህች ከተማ ከበቂ በላይ ነው። የሚያንሰን ሰዓት መምረጥና አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ትልቅ ካሜራ ያላችሁም ብትሆኑ ሐሳቡ ያው ነው። ብቻ ሮም ኮረብታውም ድንጋይ ንጣፉም የበዛባት ከተማ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ቦርሳው ይከብዳችኋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. ከሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ማታ መብራት ሁሉ ጭራ አውጥቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ የጣት ቅባት ስለሆነ ነው። ካሜራው ላይ ግሪዱን፣ ማለትም ስክሪኑን የሚከፋፍሉትን መስመሮች፣ አብሩት። ፓወር ባንክ ያዙ።

ስልክ ላይ የሚገጠሙትን ትንንሽ ሌንሶች አትግዙ፤ የፎቶውን ጠርዝ ከማደብዘዝ በቀር የሚጨምሩት ነገር የለም። ትራይፖድም (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ተዉት፤ ኮሎሴየምና ቅዱስ ጴጥሮስ ይዞ መግባት አይቻልም። በምትኩ ነጠላ ያዙ። ቅዱስ ጴጥሮስን ጨምሮ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም፤ በበጋው ሙቀት ደግሞ ሙሉ እጅጌ ለብሶ መዋል ከባድ ነው። በዚያ ላይ ትራስቴቬሬ ሰፈር ካሉት ብርቱካናማ ግድግዳዎች ፊት ነጭ ነጠላ እንዴት እንደሚያምር ስታዩት ታምኑኛላችሁ።

2. ቦታ ሳይሆን ሰዓት ምረጡ

ብዙ ሰው በቀን አሥር ቦታ ለማዳረስ ይሮጣል። እንዲህ ከሆነ ግማሹን ቦታ ቀትር ላይ ነው የምትደርሱበት። ቀትር ላይ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ አደባባዩም በሰው ይጠቀጠቃል። እኔ ቀኑን ለሦስት እከፍለዋለሁ፦ ንጋት፣ ቀትርና አመሻሽ። ለእያንዳንዱ አንድ ቦታ ይበቃዋል።

ንጋት የትሬቪ ፏፏቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1762 የተጠናቀቀውን ይህን ፏፏቴ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ማንሳት ማለት የሰው ጀርባ ማንሳት ማለት ነው። 12 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ግን ውኃውን ራሱን ትሰማላችሁ።

ቀትር ላይ ፓንቴዮን ግቡ፤ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ሕንፃ ነው። እንደ ሌሎቹ ቦታዎች ሳይሆን ቀትር የሚያምርበት እዚህ ነው። ስፋቱ 43 ሜትር ገደማ የሆነው ጉልላት አናቱ ላይ ክፍት ነው፤ ፀሐይ በዚያ ገብታ እንደ ምሰሶ ትቆማለች። ስልካችሁ ብርሃን ያረፈበትን ግድግዳ ሙልጭ አድርጎ ነጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ብሩሁን ቦታ በጣታችሁ ንኩትና ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቡ። የቀረው ይጠቁር፤ ምሰሶው የሚታየው ዙሪያው ሲጨልም ነው።

አመሻሹን ለአራተኛው ደረጃ አቆዩት።

3. ፊታችን እንዳይጠቁር

ይኼ የጽሑፉ ዋና ክፍል ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ስለ ጉዞ ፎቶ የሚጻፉ ምክሮች ብዙ ጊዜ ነጭ ቆዳ ላለው ሰው የተጻፉ ይመስላሉ። ለእኛ አይሠሩም።

ካሜራ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ የሚወስነው ፊቱ ያለውን ሁሉ አይቶ ነው። ሮም ደግሞ ነጭ ድንጋይ ናት። ኮሎሴየም፣ ትሬቪ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ የፊት ገጽታ፣ ሁሉም ትራቨርቲኖ በሚባል ነጣ ያለ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ ያለው የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሐውልት ደግሞ ጭራሽ ዓይን የሚወጋ እብነ በረድ ነው። ስልኩ ይኼን ሁሉ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሰዋል። ድንጋዩ ይተርፋል። ጠይሙ ፊት ይጠፋል። አዳዲሶቹ ስልኮች ራሳቸው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ አንዳንዴ ፊቱን አመድ አስመስለው ያመጡታል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ስልኩን ከመነካካት በፊት ሰውዬውን ማንቀሳቀስ ነው። ጥላ ፈልጉ፤ ግን የጨለመ ጥላ አይደለም። ፀሐይ ከመታው ግድግዳ ፊት ለፊት ያለው ጥላ ነው ጥሩው። የሮም ጠባብ መንገዶች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። አንዱ ወገን ፀሐይ ነው፣ ሌላው ጥላ። ሰውዬው ጥላው ውስጥ ይቁምና ፊቱን ወደ ፀሐያማው ግድግዳ ያዙር። ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ይጨምርለታል። ጠይም ቆዳን የሚያሳየው ከላዩ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ነውና ፊት ላይ ትንሽ ሎሽን መቀባት አይጎዳም። ፓውደር አታብዙ።

ሁለተኛው ፊቱን በጣት መንካት ነው። ነክታችሁ ትንሽ ካቆያችሁት አብዛኛው ስልክ እዚያው ይቆልፈዋል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ሳቡ፤ ፊቱ በዓይናችሁ እንደምታዩት እስኪሆን ድረስ ብቻ። ኋላ ያለው ድንጋይ ወይም ሰማይ መንጣቱ አይቀርም። ይንጣ! ኮሎሴየም ከእናንተ በፊት ሚሊዮን ጊዜ ተነሥቷል። የእናታችሁ ፊት ግን እዚያ ቦታ የሚነሣው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው።

ሁለቱም እንዲታዩ ከፈለጋችሁ ወደ ሰውየው ቅረቡ። ፊቱ ፎቶው ውስጥ ሰፊ ቦታ ሲይዝ ካሜራው ለእሱ ማሰብ ይጀምራል። ሰው ከሐውልቱ ሥር ሄዶ መቆም የለበትም። ሐውልቱ ሩቅ ሆኖ ሰውየው እናንተ አጠገብ ቢሆን ሁለቱም ይገባሉ፤ ሰውየውም ጉንዳን አይመስልም።

የቆዳ ቀለማችሁ የተለያየ ሆኖ አብራችሁ ስትነሡ ጠየም ያለው ሰው ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ይቁም። ቀላል ነገር ነው፤ ግን የቡድን ፎቶ ያድናል። ፊት የሚያነጣውን ፊልተር ደግሞ አጥፉት። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሳታዝዙት ተከፍቶ ነው የሚመጣው፤ እኔ በበኩሌ እጠላዋለሁ።

4. የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት በአመሻሽ ማንሳት

ፖንቴ ኡምቤርቶ ድልድይ ላይ ሂዱ። ስሙ በአድዋ ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ንጉሥ የነበረው የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው፤ ፈገግ ብላችሁ መቆም ትችላላችሁ። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ የቲቤር ወንዝ፣ የቅዱስ መልአክ ድልድይና ጉልላቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ አንሥቶ ይሄዳል። እናንተ አትሂዱ። ጥሩው ፎቶ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰማዩ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ሲዞርና መብራቶቹ ሲበሩ። ያን ጊዜ የሰማዩና የመብራቱ ብርሃን ይቀራረባል፤ ስልካችሁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል። አዲስ አበባ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። ሮም ግን ከምድር ወገብ ስለምትርቅ ፀሐይ አግድም ነው የምትወርደው፤ አመሻሹም ረዘም ይላል። ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 እስከ 35 ደቂቃ ያለውን ጊዜ ጠብቁ። በሰኔ መጨረሻ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ 10 ሰዓት ከ40 ላይ። ልዩነቱ ብዙ ስለሆነ ከስልካችሁ አረጋግጡ።

ትራይፖድ የለንም፣ የድልድዩ የድንጋይ መከታ ግን አለ። ስልኩን እዚያ ላይ አስደግፉት፣ ማሰሪያ ካለው እጃችሁ ላይ አስሩት፤ ሥሩ ወንዝ ነው። ሰዓት ቆጣሪውን 3 ሰከንድ ላይ አድርጉና እጃችሁን አንሡ። የጨለማ ማንሻው (ናይት ሞዱ) በብዙ ስልኮች ላይ ራሱ ይበራል። መብራት የበራበትን ጉልላት ንኩና ብርሃኑን ቀንሱ፤ አለበለዚያ ጉልላቱ አምፖል ይመስላል። በጣታችሁ ዙም አትጎትቱ፤ ስልኩ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚያቀርብ የራሱ ሌንስ ካለው በእሱ ተጠቀሙ። ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ያለው ትርፉ ድካም ነው፤ ሄዳችሁ እራት ብሉ።

5. የሌለውን ነገር ማንሳት

ይኼኛው ደረጃ ለእኛ ብቻ ነው። ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው የጥንት የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ጫፍ ላይ፣ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ለመመለስ ብትስማማም ሐውልቱ የተነሣው በ2003 ነው። በ2005 አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ስትደርሱ የምታዩት መኪና ነው።

ባዶ ቦታ እንዴት ይነሣል? የድሮ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ሐውልቱ ሮም ሳለ የተነሡ ፎቶዎች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ከዚህ በፊት እዚያ የኖረ ዘመድ ካላችሁ አልበሙ ውስጥም ይኖር ይሆናል። ከዚያ የድሮው አንሺ የቆመበትን ነጥብ መፈለግ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፎቶው ላይ ሁለት ነገር ምረጡ፣ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ለምሳሌ የፋኦ ሕንፃ ጥግና ከኋላው ያለ ሌላ ጣሪያ። የሁለቱ መደራረብ ፎቶው ላይ እንዳለው እስኪሆን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተራመዱ። እሱ ሲገጥም ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሄድ መጠኑን አስተካክሉ። ዛፍ ላይ አትመኩ፤ ያድጋል፣ ይቆረጣል። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሐውልቱ ከአንዱ ብድግ ብሎ የሄደ ይመስላል። ትራፊኩን ተጠንቀቁ፤ ስክሪን እያዩ መንገድ መሻገር የለም።

እዚያ ድረስ ከሄዳችሁ አቬንቲኖ ኮረብታ ቅርብ ነው። የማልታ ማኅበር የሚባለው የካቶሊክ ባላባቶች ማኅበር ግቢ በር ላይ ባለው የቁልፍ ቀዳዳ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታያል። ወረፋ አለው። ሌንሱን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ፣ ጉልላቱን ነክታችሁ ቆልፉ፣ አንሥታችሁ ለሚቀጥለው ልቀቁ።

ጉልላቱ ላይ ራሱ መውጣት ከፈለጋችሁ ሙሉው 551 ደረጃ ነው። ከላይ ሆናችሁ ወደ ጀርባ፣ ወደ ቫቲካን አትክልት ስፍራ ተመልከቱ፤ የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው።

6. ትንንሽ ነገሮች

ዝናብ ሲዘንብ አትናደዱ። ስልኩን ገልብጡና ሌንሱን መንገድ ላይ ወደተኛው ውኃ አስጠጉት፤ ትንሽዬ ኩሬ አደባባዩን በሙሉ ታሳያችኋለች። ቫቲካን ሙዚየም ያለው ሲስቲን ቻፕል ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፣ በቀጥታ እዩት። ኮሎሴየም አካባቢ የጥንት ወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች «ኑ አብረን እንነሣ» ካሏችሁ መጨረሻው ገንዘብ ነው። የሌላ ሰው ሕፃን ወላጁን ሳትጠይቁ አታንሡ።

ሕንፃ ወደ ኋላ የወደቀ የሚመስለው ስልኩን ወደ ላይ ስለምታዘነብሉት ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ ኋላ ራቁ።

7. ማታ ማታ

አንድ ጓደኛዬ ከተርሚኒ ጣቢያ ወደ ቫቲካን በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሲወርድ ስልኩ የለም። ለስልኩ አላዘነም፤ ያዘነው የጋብቻ ጉዞው ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ብቻ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ሆቴል ስትደርሱ በዋይፋይ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ ጫኑ። መጫኑ እስኪያልቅ የደበዘዘውንና የተደጋገመውን አጥፉ። ከአንድ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ካስቀራችሁ ይበቃል። ዘመድ 300 ፎቶ አያይም፤ አሥሩን ነው አይቶ ጣቱ የሚደክመው።

ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም ዝም ብላችሁ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩት። ለማሳተም የሚፈልግ ሰው ካለ ዋናውን ያገኛል።