በዳታቤዝ ውስጥ የገንዘብ መጠንን በምን የዳታ ዓይነት እናስቀምጥ?

የገንዘብ መጠን የሚገባበትን ዓምድ ስትፈጥሩ ፍሎት እና ደብል የሚባሉትን ዓይነቶች ከመጀመሪያው ተዉአቸው። እነዚህ ዓይነቶች ቁጥርን የሚይዙት በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሆነ፣ አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ ለእኛ ግልጽ የሆነው 0.10 ብርም በእነርሱ ዘንድ ማለቂያ ስለሌለው ጫፉ ተቆርጦ ይቀመጣል። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ተራ ፍሎት ዓምድ ውስጥ 1,234,567.89 ብር ብታስገቡ በትክክል የሚያዘው 1,234,567.875 ነው። ጉድለቱ በአንድ መዝገብ ላይ ኢምንት ቢመስልም፣ ብዙ መዝገቦች ሲደመሩ ሒሳብ ሹሙ ምንጩን ሊያገኝ የማይችለው ልዩነት ይፈጥራል።

ለአብዛኛው ሥራ የምመክረው የአስርዮሽ ቁጥርን እንዳለ የሚይዘው ዴሲማል ነው፤ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ኑሜሪክ በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ዴሲማል (19፣4) ብላችሁ ስትወስኑ ከነጥቡ በፊት 15፣ ከነጥቡ በኋላ 4 አሃዝ ይኖራችኋል። ለብር 2 አሃዝ ይበቃል ቢባልም፣ የምንዛሪ ተመንና የአንድ ዕቃ ነጠላ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሳንቲም በታች ስለሚወርዱ ትርፉ ቦታ ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ ሁሉን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ነው። እውነተኛ ዴሲማል በሌለው በኤስኪውኤላይት ዳታቤዝ የሚሻለውም ይኸው ነው። ሆኖም በማይኤስኪውኤልና በፖስትግሬስ ኢንቲጀር የሚባለው ተራው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ ይህ በሳንቲም ሲታሰብ 21,474,836.47 ብር ብቻ ስለሆነ የአንድ ቤት ሽያጭ እንኳ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በእነርሱ እጅግ ትልቅ ሙሉ ቁጥር የሚይዘውን ቢግኢንት ተጠቀሙ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ሳንቲሙን ብር ብሎ እንዳያነበውም በዓምዱ ስም ላይ «በሳንቲም» የሚል ቃል ጨምሩ።

ከገንዘቡ ጎን የገንዘቡን ዓይነት የሚይዝ ባለሦስት ፊደል ዓምድ፣ አይኤስኦ 4217 በተባለው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ዓይነቶች መለያ፣ መኖር አለበት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላክ ገንዘብ የሚመዘግብ ሥርዓት የምትሠሩ ከሆነ፣ የኩዌትና የባሕሬን ዲናር እያንዳንዳቸው በ1,000 ፊልስ ስለሚከፈሉ 2 አሃዝ አይበቃቸውም፤ የጃፓን የን ደግሞ ጭራሽ ሽርፍራፊ የለውም። በፖስትግሬስ ያለው መኒ የተባለው ዓይነት የአስርዮሽ አሃዙን ከሰርቨሩ የአካባቢ ቅንብር ስለሚወስድ ለእንዲህ ያለው ሥራ አይሆንም።

የማጠጋጋቱ ደንብም በጽሑፍ ይወሰን። ዋጋቸው 10.10 ብር የሆነ ሦስት ዕቃዎች ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በየዕቃው ተሰልቶ ሲጠጋጋ 1.52 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 4.56 ብር ይሆናል፤ በድምሩ በ30.30 ብር ላይ ሲሰላ ግን 4.55 ነው። የትኛው እንደሚሠራበት ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ኮድ ከመጻፉ በፊት ተስማሙ።

በመጨረሻም ዳታቤዙ በትክክል የያዘውን ፕሮግራሙ እንዳያበላሸው ተጠንቀቁ። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ራሱ ደብል ስለሆነ፣ የዴሲማል ዋጋን እንደ ጽሑፍ ተቀብላችሁ ስሌቱን በዴሲማል ላይብረሪ ሥሩ።