በሊነክስ ከርነል መጥፋት የሌለባቸውን ክሎኮች ስናስተዳድር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ኢምቤድድ ሰሌዳ (በሌላ መሣሪያ ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ኮምፒውተር) ሲነሳ የቡት፣ ማለትም የማስነሻ፣ መልእክቶቹ በደንብ ሲወርዱ ይቆዩና መጨረሻው አካባቢ ምንም የስህተት መልእክት ሳይታይ ሰሌዳው ድርቅ ብሎ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሊነክስ 3.4 የገባው የጋራ የክሎክ ማዕቀፍ፣ ክሎኮችን (የሃርድዌር ክፍሎች የሚሠሩበትን ምት የሚሰጡ ምልክቶችን) የሚያስተዳድረው የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ክፍል ነው፤ በቡት ማብቂያ ላይ ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አብርቷቸው የተዋቸውን ነገር ግን ማንም ድራይቨር (አንድን ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ የከርነል ኮድ) ያልጠየቃቸውን ክሎኮች ያጠፋል። ከጠፉት መካከል የራም መቆጣጠሪያው ወይም የዋናው ባስ (ክፍሎቹን የሚያገናኘው የመረጃ መንገድ) ክሎክ ካለበት መልእክት የሚያትም አካል እንኳ አይቀርም።

የመጀመሪያው ስህተት በከርነሉ የቡት መስመር ላይ «ክሎክ ኢግኖር አንዩዝድ» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሮ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ትእዛዙ ለምርመራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በምርት ላይ ሲቀር ግን ኃይል ያባክናል፣ ክሎኩን መጠየቅ የረሳውን ድራይቨር ጥፋትም ቡትሎደሩ እስኪቀየር ድረስ ይሸፍናል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እይታ ከሁሉም የከፋው፣ ክሎኩ ሲመዘገብ በኮዱ ውስጥ የሚሰጡትን ሁለት ፍላጎች (የባህሪ ምልክቶች) ማምታታት ነው። «ኢግኖር አንዩዝድ» የተባለው ፍላግ ክሎኩን የሚያድነው ከቡት ማብቂያው ጠረጋ ብቻ ነው። የባስ ክሎክ በዚህ ፍላግ ተጠብቆ ሳለ የኤስፒአይ (በቺፖች መካከል መረጃ የሚያስተላልፍ መስመር) ድራይቨር ከባሱ ክሎክ ሥር ያለውን የራሱን ክሎክ አብርቶ መረጃ ካስተላለፈ በኋላ ቢያጠፋው፣ የወላጁም፣ ማለትም የባሱ ክሎክ፣ የተጠቃሚዎች ቆጣሪ ከአንድ ወደ ዜሮ ይወርድና ባሱ ይቆማል፤ ሰሌዳው የሚደርቀውም ቡቱ በሰላም ካለቀ በኋላ ስለሆነ ምክንያቱን ማግኘት አድካሚ ነው። «ክሪቲካል» የተባለው ፍላግ ግን ክሎኩ ሲመዘገብ ከርነሉ ራሱ እንዲያበራው ስለሚያደርግ ቆጣሪው ዜሮ አይደርስም፣ ወላጆቹም አብረው በርተው ይቆያሉ።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ስህተት ያመራል፤ የጠረጠረውን ክሎክ ሁሉ «ክሪቲካል» ይለዋል። ፍላጉ የሚገባው እንደ ራም መቆጣጠሪያ ላሉ፣ የሚያስተዳድራቸው ድራይቨር ለሌላቸው ክሎኮች ነው። የዩአርት (የተከታታይ መገናኛ ወደብ) ወይም የዩኤስቢ ክሎክን የራሱ ድራይቨር ይጠይቀው፤ አለበለዚያ መሣሪያው ሲያንቀላፋ እንኳ ክሎኩ አይጠፋም።

በሞጁል፣ ማለትም ከቡት በኋላ ከፋይል፣ የሚጫን ድራይቨርም ይታሰብበት። ጠረጋው የሚካሄደው ከስር ፋይል ስርዓቱ ሞጁሎች ከመጫናቸው በፊት ስለሆነ ቡትሎደሩ ያበራው ስክሪን ድራይቨሩ ሳይደርስ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው በዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን ለከርነሉ የሚገልጽ ፋይል) ውስጥ በሲምፕል ፍሬምበፈር (ቡትሎደሩ ያዘጋጀውን ስክሪን የሚጠቀም ቀላል ድራይቨር) ስር የስክሪኑን ክሎኮች መዘርዘር ነው።

ጥፋተኛውን ክሎክ በግምት መፈለግም ጊዜ ይበላል። ሰሌዳውን ከላይ በተጠቀሰው የቡት ትእዛዝ አስነስተው በዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ የምርመራ መረጃ የሚያሳይበት የፋይል ስርዓት) ስር ያለውን የክሎክ ማጠቃለያ ፋይል ያንብቡ። በቅርብ ከርነሎች ላይ ቆጣሪያቸው ዜሮ ሆኖ ሃርድዌሩ ግን በርቷል የሚባሉት ክሎኮች ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱን በአንድ ጊዜ «ክሪቲካል» እያደረጉ ያለ ትእዛዙ ያስነሱ፤ የተገኘው ክሎክ ምን እንደሚያንቀሳቅስም ከፍላጉ አጠገብ በኮዱ ውስጥ ይጻፉ።