ከባድ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ስትመርጡ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ
በጭነት ሳጥኑ መሃል የሚቆለፍ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ፒክአፕ የምትፈልጉ ሁሉ፣ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመጎተት አቅም አያታላችሁ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅሙ ነው። እንዲህ ያለው ተሳቢ ከክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በቀጥታ መኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል።

ስለዚህ የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሰውና ጭነት ተደምሮ ከስንት ኪሎ ግራም መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ከዚያ አስሉ። ተሳቢው ከነጓዙ 6,000 ኪሎ ግራም ቢሆንና 20 በመቶው ቢያርፍ፣ 1,200 ኪሎ ግራም ነው። ማያያዣው 90፣ አራት ተሳፋሪዎች 300 ቢመዝኑ ድምሩ 1,590 ይደርሳል። ይህን የማይችሉ ፒክአፖች በርካታ ናቸው! እባካችሁ በባዶ ተሳቢ ክብደት አታስሉ፤ ውሃውና ዕቃው ሲገባ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ባሌስትራ ማጠናከር የመኪናውን ጀርባ ቀና ያደርገዋል እንጂ የተፈቀደለትን ክብደት አይጨምርም። ሻጭ ተቃራኒውን ቢነግራችሁ አትቀበሉ። የኋላ አክስሉና የጎማዎቹ ወሰንም ለየብቻ መታየት አለበት፤ ጭነቱ በጣም ከከበደ ከኋላ መንታ ጎማ ያለውን ምረጡ።

የጭነት ሳጥኑ አጭር ከሆነ ደግሞ በጠባብ መታጠፊያ የተሳቢው አፍንጫ ጋቢናውን ሊመታ ስለሚችል፣ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማያያዣ ያስፈልጋል። ረጅም ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉን ጭናችሁ የተሽከርካሪ ሚዛን ላይ ውጡ።