የሙያ ምዘና ፋይላችሁ ከአውስትራሊያ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ሲመለስ

ፓስፖርት፣ ዲፕሎማ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም ምናምን የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ የ482 ቪዛ (አውስትራሊያዊ አሠሪ የሚያስመጣበት ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) ስሙ በፈረንጅ ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ቢቀየርም፣ የቲ አር ኤ (የአውስትራሊያ የእጅ ሙያ መዛኝ መሥሪያ ቤት) የሙያ ምዘና ለሁሉም አመልካች ግዴታ ሆኖ አያውቅም። እንደ ሙያውና እንደ ፓስፖርቱ አገር ይለያያል። ደላላ «ክፈል» ስላለ ብቻ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ምዘና የሚጠየቅባቸውን ሙያዎችና ፓስፖርቶች ዝርዝር እዩ።

ምልክቱ፦ «የሥራ ልምድዎን ማረጋገጥ አልቻልንም»

እዚህ ሜልበርን በእጄ ካለፉት ፋይሎች አብዛኞቹ የወደቁት በዚህ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ ሙያ አይደለም። ጥፋቱ የአገራችን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። «አቶ እገሌ በብየዳ ሠራተኛነት በቅንነትና በታታሪነት ያገለገሉ ሲሆን የሥራ ግብር የተከፈለ መሆኑን እየገለጽን...» ከሥሩ ክብ ማኅተም፣ ማኅተሙም ፊርማውን ውጦታል። ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይበቃል። መዛኙ ግን ቅንነታችሁን አልጠየቀም። ምን በየድክ? ጥቁር ብረት ነው ስቴንለስ? በኤሌክትሮድ፣ በሚግ ወይስ በቲግ? ስዕል አንብበህ ነው ወይስ አለቃህ በጠመኔ ባሰመረልህ ላይ? በሳምንት ስንት ሰዓት?

ቃሊቲ አካባቢ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሰባት ዓመት የሠራ ልጅ ነበር። የውሃ ታንከር ሲበይድ በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ስፌቱ እንደ ሹሩባ የተደረደረ ነው። ደብዳቤው አራት መስመር። ወደቀ።

መፍትሄው ደብዳቤውን እንደገና ማጻፍ ነው። የድርጅቱ አርማና አድራሻ ባለው ወረቀት ላይ ይሁን። የገባችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የሳምንቱ ሰዓት፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ የተጠቀማችሁበት ማሽንና ዕቃ ይዘርዘር። የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና የሚነሳ ስልክ ይኑርበት። የሚነሳ ብያለሁ! አንዱ የግቢውን ቁጥር ሰጥቶ፣ ሲደወል ዘበኛው አንስቶ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ዘጋው። ዘበኛው ከተቀጠረ ገና ወሩ ነበር።

«ፎርማታችን ይኸው ነው» ብሎ የሚገግም የሰው ኃይል ክፍል ከገጠማችሁ አትጨቃጨቁ፤ ያንኑ ደብዳቤ ተቀበሉና ፎርማናችሁ ዝርዝሩን ለብቻው ጽፎ ይፈርምላችሁ።

ከኢንተርኔት የሙያውን መግለጫ ገልብጣችሁ እንዳታስፈርሙ። ሁለት ልጆች ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ያመጡትን ደብዳቤ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ቤት ነው የጻፈላቸው። እኔ ያየሁትን መዛኙ አያይም? ያልሠራችሁበትን ዓመት መጨመር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የሐሰት ሰነድ ለቪዛ ቢሮው ቀርቶ ለመዛኙ ቢገባም ቪዛ ያስከለክላል፣ ከዚያም የ3 ዓመት እገዳ አለ።

ምልክቱ፦ ዓመቶቹ አይገጥሙም

ደብዳቤው «ከመስከረም 2008» ይላል። ተርጓሚው ወሩን ሴፕቴምበር አለና ዓመቱን እንዳለ ተወው። ልጁ በፈረንጅ 1996 የተወለደ ነው፤ በወረቀቱ መሠረት ብየዳ የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ትክክለኛው 2015 ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ ይህን የሚሠራ ተርጓሚ ምን እንደሚባል አላውቅም። እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ማኅተሙ ላይ ያለችውንም ቀን እዩ፤ እሷ ሁሌ ትረሳለች።

ምልክቱ፦ «የደመወዝ ማስረጃ የለም»

በእጅ ስለተከፈላችሁ ነው። ባንክ ከሌለ ጡረታ ይኖራል፤ በግል ድርጅት ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ ከገባ የተመዘገበ ነው፣ ማስረጃውን ጠይቁ። የሥራ ግብር የተከፈለበት የደመወዝ ዝርዝርም ይረዳል። አሠሪው ጡረታውን ቆርጦ ሳያስገባ ከቀረ ግን ጣጣው ሌላ ነው።

ምልክቱ፦ ዱባይ ያለው መኖሪያ ፈቃድ «ሌበር» ይላል

የባሕረ ሰላጤ ልጆች በሽታ። ስድስት ዓመት ቧንቧ በይዶ በወረቀት ጉልበት ሠራተኛ ነው። መኖሪያ ፈቃዱን አትደብቁት፤ ከፎርማኑ የተፈረመ ማብራሪያ፣ የሳይት መግቢያ ባጅ፣ የብየዳ ፈተና ሰርተፍኬት፣ ሥራ ላይ የተነሳችሁትን ፎቶና ቪዲዮ አያይዙ።

ምልክቱ፦ ወረቀቱ አልፎ ቃለ መጠይቁ ላይ መውደቅ

አንዱ ኤሌክትሪሻን ስለ መሣሪያ ሲጠየቅ «ካቻቪቴ፣ ፒንሳ» አለ። ጣሊያን ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። የዕቃችሁን የእንግሊዝኛ ስም አጥኑ። «መስመሩ መሞቱን በምን ታውቃለህ?» ሲባል ደግሞ «ብሬከሩን አጠፋለሁ» ብላችሁ እንዳትቆሙ። ታጠፋለህ፣ ትቆልፋለህ፣ «አትንኩ» የሚል ታግ ታንጠለጥላለህ፤ ሜትሩን ኃይል ባለበት መስመር ትሞክረዋለህ፣ የራስህን መስመር ትለካለህ፣ ከዚያ ሜትሩ በመሃል እንዳልሞተ ተመልሰህ ኃይል ባለበት ትሞክረዋለህ። የመጨረሻዋን የሚናገር ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት።

የስም ፊደል ልዩነት አልፎ አልፎ ይገጥማል፤ ሁሉንም ከፓስፖርቱ ጋር አስተካክሉ።

ኤሌክትሪሻኖች፣ ምዘናውን ማለፍ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ውጤታችሁን ይዛችሁ በምትሠሩበት ስቴት፣ በባለፈቃድ ክትትል ሥር የሚያሠራውን ጊዜያዊ ፈቃድ ታወጣላችሁ። እሱ እስኪወጣ ሶኬት እንዳትከፍቱ።