የኪራይ ቤትን ወጪ እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚጸና በመሆኑና አከራይ በፈለገ ጊዜ ዋጋ መጨመር ስለማይችል፣ ትርፍ የሚጠበቀው በዋናነት ወጪን በመቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከመዋዋልዎ በፊት የብድር ወለድን፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብርን፣ የጥበቃ ክፍያን፣ የደላላ ኮሚሽንንና ቤቱ ባዶ ሊቆይ የሚችልበትን ጊዜ በዓመት ያስሉ።

ከሁሉም አብልጬ የማሳስበው ጥገናን ነው፤ ቆርቆሮው፣ አሸንዳውና የፍሳሽ መስመሩ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ካልተፈተሹ፣ በጥቂት ብር ይደፈን የነበረ ቀዳዳ ኮርኒሱን አበስብሶና የኤሌክትሪክ መስመሩን አበላሽቶ የወራት ኪራይ ይበላል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየወሩ ኪራይ ተቀንሶ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ።

የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ የጥገና፣ የወለድና የመድን ወጪውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚያስቀንሰው በማስረጃ ስለሆነ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ። የውኃና የመብራት ክፍያ የማን እንደሆነም በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ቁልፍ በሚያስረክቡበት ዕለት የቆጣሪው ንባብ ይመዝገብ።