የነሐስ መስቀል ሲገዛና ሲያዝ የሚበላሽባቸው መንገዶች

ሎሚና ጨው። አሮጌ መስቀል ገዝቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጥ ቤት ነው። እባካችሁ ተዉት! ገበያው ነሐስ የሚለው ቢጫ ብረት በአብዛኛው መዳብና ዚንክ ነው። የሎሚው አሲድ ዚንኩን ቀድሞ ይበላና ላዩ ላይ ቀላ ያለ፣ ወንፊት የመሰለ መዳብ ይቀራል። የጨው ክሎራይድ ደግሞ በሐረጉ ፍልፍል ውስጥ ተደብቆ ክረምትን ይጠብቃል። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ሲያገኘው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱን ብትጠርጉትም ይመለሳል፣ ምክንያቱም ከሥሩ አሲድ እየተፈጠረ መዳቡን ይቦረቡራል። አቼቶም በረኪናም እንደዚያው ናቸው። አመድና የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የግዕዙን ጽሑፍ ይፍቃሉ። ቡናማው ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ የዕድሜው ምስክር ነው፣ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

አቧራ ካለበት በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። ቅባት ከያዘ በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) 2 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ በጥጥ እየነከራችሁ ጥረጉ፣ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቁ። ውሃውን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስትገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

ዘይትና ቅቤ አትቀቡ። ሲቆይ አሲድ ይሆንና ከመዳቡ ጋር አረንጓዴ ዝቃጭ ይሠራል።

ስለ ግዢው፦ ጎንደር ውስጥ እያንዳንዱ አሮጌ መስቀል «የፋሲል ዘመን» ይባላል። ፋሲለደስ የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሻጭ ቃል ብቻውን ወደዚያ አይወስድም። የምታዩት በአጠቃቀም ብዛት የት የት እንዳለቀ ነው። የእጅ መስቀል እጀታውና ሰው የሚሳለመው ጠርዝ ልሙጥ ይሆናል፣ ጎድጓዳው ግን ጥርት እንዳለ ይቆያል። በበትር ላይ የሚሰካው የመጾር መስቀል ደግሞ ጨርቅ የሚያልፍበት የታችኛው ክንፍ ከውስጥ በኩል ያልቃል። ሁሉም ቦታ እኩል ያለቀ ከሆነ ተጠራጠሩ። አረንጓዴው በእርጥብ ጥጥ ከለቀቀ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ማግኔት ብረትን ብቻ ይለያል፤ አሉሚኒየምም ዚንክም አይሳቡም። ይልቅ በውሃ መዝኑ። በአየር 420 ግራም የሆነው በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል 370 ከመዘነ ልዩነቱ 50 ነው፤ 420 ለ50 ሲካፈል 8.4 ይመጣል፤ ይህ የነሐስ ቁጥር ነው። ወደ 7 ከወረደ በአብዛኛው ዚንክ የሆነ ቅልቅል፣ 2.7 ከሆነ አሉሚኒየም ነው። እጀታው ክፍት ከሆነ ግን ውስጡ የቀረ አየር ቁጥሩን ያሳንሰዋል።

የቤተ ክርስቲያን ስም ከተቀረጸበት አትግዙ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል።

የተሰነጠቀን ወደ ብየዳ ቤት አትውሰዱ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚተን መገጣጠሚያው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ስብርባሪውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ማስቀመጫውም ይታሰብበት። ሱፍና ጎማ ድኝ ስላላቸው ያጠቁራሉ። አሞኒያ ደግሞ ነሐስን ይሰነጥቃል፤ ህንድ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር በፈረስ ጋጣ ያከማቻቸው ቀለሆች በዝናብ ወራት የተሰነጠቁት ከሽንት በሚወጣ አሞኒያ ነበር። ስለዚህ ከከብት በረት አጠገብ ያለ ክፍል አይሆንም፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አይነካው። በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ፤ ሰኔ ሳይገባ ጄሉን ቀይሩ።